የጨረር ምርምር ታሪክ፤ ከዐድዋ ቀን እስከ ዛሬ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዕለቱ እሑድ ነበረ። በዚያ ቀን አባቶቻችን በዐድዋ ተራሮች የፈጸሙትን ሥራ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። ነገር ግን በዚያው እሑድ ከዐድዋ እጅግ በራቀው በፓሪስ ከተማ አንድ ሌላ ነገር ተፈጽሞ ነበር፤ ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሄንሪ ቤክሬል የሚባል ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት የነበረውን የፎቶግራፍ ሰሌዳ አውጥቶ አጠበ። ሰሌዳው በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ በላዩ የዩራኒየም ጨው ተቀምጦበት ነበር። የቤክሬል አሳብ ጨው የፀሐይ ብርሃን ከተቀበለ በኋላ መልሶ ጨረር ይሰጥ እንደ ሆነ ለመመርመር ነበር። ነገር ግን የፓሪስ ሰማይ ለብዙ ቀን በደመና ስለ ተሸፈነ ሰሌዳው ፀሐይ ሳያይ በጨለማ ቆየ። ቤክሬል ይህን ያህል ነገር አገኛለሁ ብሎ ሳይጠብቅ ቢያጥበው የጨው ቅርጽ ጉልህ ሆኖ ታትሞ አገኘው። ዩራኒየም ከፀሐይ ምንም ሳይቀበል፣ ከራሱ ከውስጡ ጨረር እንደሚያወጣ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

እኛ ይህን ታሪክ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው የሁለቱ ነገሮች ቀን አንድ መሆኑ ስለ ደነቀን ብቻ አይደለም። ከዚያ እሑድ ወዲህ የጨረር ምርምር ከሐኪም ቤት እስከ ገበሬ በረት፣ ከድንቅነሽ አጥንት እስከ ብራና መጽሐፋችን ድረስ ገብቷል። ይህም ዕውቀት ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ጨረር የተሰወረውን ይገልጣል፤ ሕመምተኛውንም ይፈውሳል፤ መጠኑን ለማያውቅ ግን ይጎዳል። መጠኑም የታወቀው ብዙ ሰዎች በሰውነታቸው ከከፈሉ በኋላ ነው። አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሻው ይህን ነው። ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

፩. «ራጅ» የተባለው ነገር

ከቤክሬል ሥራ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ በጀርመን አገር በዉርዝቡርግ ከተማ ዊልሄልም ሮንትገን የሚባል የፊዚክስ መምህር በጨለማ ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። አየሩ ተመጥጦ በወጣ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ያሳልፍ ነበር፤ ቱቦውንም ብርሃን እንዳይወጣ በጥቁር ካርቶን ሸፍኖታል። ሆኖም ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ መድኃኒት የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ከቱቦው የሚወጣ፣ ካርቶኑን አልፎ የሚሄድ፣ ዐይን የማያየው አንድ ጨረር አለ ማለት ነው። ሮንትገን እጁን በመካከሉ ቢያስገባ የገዛ አጥንቱን ጥላ ተመለከተ። በዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን እጅ በዚህ ጨረር ፎቶግራፍ አነሣ፤ በሥዕሉም ላይ የጣቶችዋ አጥንቶችና የጋብቻ ቀለበትዋ ታዩ። የጨረሩ ጠባይ ገና ስላልታወቀ ስሙን «ኤክስ» አለው፤ በሒሳብ ያልታወቀውን ቁጥር ኤክስ እንደምንለው ማለት ነው። ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ግኝቱ ግን የዓለም ሁሉ እንዲሆን ብሎ የባለቤትነት መብት አልጠየቀበትም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ዐድዋ ይመለሳል። ከጦርነቱ የተረፉ የኢጣሊያ ቁስለኞች ወደ አገራቸው በመርከብ ተመልሰው ነበር። በሜይ 1896 በናፖሊ ከተማ ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የጦር ሐኪም ኢትዮጵያ ላይ የቆሰሉ ሁለት ወታደሮችን በአዲሱ ጨረር መርምሮ በክንዳቸው ውስጥ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ አገኘ። ከጦር ሜዳ የመጣ ቁስለኛ በኤክስሬይ ሲመረመር ይህ በታሪክ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል። ሮንትገን ጨረሩን ካገኘ ገና ሰባት ወር አልሞላም ነበር። እኛም ዛሬ ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ «ራጅ ተነሥቼ ልምጣ» እንላለን። ይህ ቃል ከኢጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ፍቺው «ጨረሮች» ማለት ነው።

፪. ዋጋው በማን ተከፈለ?

የቤክሬልን ነገር ተቀብላ ያስፋፋችው ከፖላንድ ወደ ፓሪስ ለትምህርት የመጣችው ማሪ ኩሪ ነች። እርስዋና ባለቤትዋ ፒየር ኩሪ በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የሚባሉትን ሁለት ንጥረ ነገሮች አገኙ። ጣራው ዝናም በሚያስገባ ጎጆ ውስጥ እየሠሩ ብዙ ቶን የማዕድን ድንጋይ እየፈጩ፣ እያፈሉና እያጠሩ ቆይተው በ1902 ያገኙት የራዲየም ጨው የአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ ነበር። በሌሊት ወደ ጎጆው እየገቡ ብልቃጦቹ በጨለማ ሲያበሩ ማየት ያስደስታቸው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ማሪ ኩሪ የራጅ መሣሪያ በአውቶሞቢል ላይ አስጭና ከልጅዋ ከኢሬን ጋር ወደ ጦር ግንባር እየሄደች ቁስለኞችን ታስመረምር ነበር። በ1934 በደም ማነስ በሽታ ሞተች፤ ሐኪሞችም ያን በሽታ ያመጣው ለብዙ ዓመት የተቀበለችው ጨረር ነው አሉ። የምትጽፍባቸው ደብተሮች ዛሬም ጨረር ስላላቸው በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ይጠበቃሉ።

ከእርስዋም በፊት የተጎዱ ነበሩ። በአሜሪካ በኤዲሰን የሥራ ቤት ክላረንስ ዳሊ የሚባል ረዳት የራጅ ቱቦዎችን በገዛ እጁ ላይ እየሞከረ ይሠራ ነበር። እጆቹ ቆሰሉ፤ ቁስሉ ወደ ካንሰር ተለወጠ፤ ሁለቱም ክንዶቹ ተቈረጡ፤ በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም ከዚያ ወዲያ የኤክስሬይን ሥራ ተወ። በ1936 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በራጅና በራዲየም ሥራ ለሞቱ የልዩ ልዩ አገር ሐኪሞችና ሠራተኞች የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ። በተመረቀ ጊዜ 169 ስሞች ተቀርጸውበት ነበር።

እነዚህ ሰዎች የተጎዱት ባለማወቅ ነው። ሌሎች ደግሞ የተጎዱት ስላልተነገራቸው ነው። በ1917 አካባቢና ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በኒው ጀርዚ አንድ ፋብሪካ ወጣት ሴቶችን ቀጥሮ የሰዓት ቁጥሮችን በራዲየም ቀለም ያስቀባ ነበር፤ ሰዓቱ በጨለማ እንዲያበራ ነው። ቁጥሩ ደቃቅ ስለ ሆነ የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ተነገራቸው። ይህ ቀለም አይጎዳንም ወይ ብለው ሲጠይቁ አይጎዳችሁም ተባሉ። ራዲየም በጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት እንደ ካልሲየም ቈጥሮ በአጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሴቶቹ ጥርሶች ይረግፉ፣ መንጋጋቸውም ይበሰብስ ጀመር። ከእነርሱ አምስቱ ፋብሪካውን ከሰሱ፤ ጉዳዩም በ1928 በስምምነት አለቀ። በ1941 በሰው አካል ውስጥ ሊኖር የሚፈቀደው የራዲየም መጠን በአሜሪካ ሲወሰን ማስረጃ የሆነው የእነዚህ ሴቶች አጥንት ነው።

በ1945 በኦገስት ወር በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ በተጣለ ጊዜ የደረሰውን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ ለመዘርዘር አንችልም። ይሁን እንጂ ከ1950 ጀምሮ 120 ሺህ ያህል ሰዎች፣ ከቦምቡ የተረፉና በዚያ ቀን በከተሞቹ ያልነበሩ፣ ጤናቸው በየዘመኑ ሲመረመር ኖሯል። የጨረሩ መጠን ከፍ ባለ ቍጥር በካንሰር የሚያዘው ሰው ቍጥር እንዴት እንደሚጨምር ዓለም የተማረው በተለይ ከእነርሱ ነው። ዛሬ በየአገሩ የራጅ ሠራተኛ በዓመት ሊቀበል የሚፈቀድለት ጨረር ሲወሰን የእነዚያ የጃፓን ሰዎች ታሪክ በሒሳቡ ውስጥ አለ።

ጨረር የሚጎዳው እንዴት ነው? ኃይለኛ ጨረር በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮኖችን ያፈናቅላል። በዚህም ጊዜ በሕዋስ ውስጥ ያለውን፣ የዘር መልእክት የተጻፈበትን ቀጭን ክር ሊበጥስ ይችላል። ጥቂት ከሆነ ሕዋሱ ጠግኖ ይኖራል፤ ብዙ ከሆነ ይሞታል፤ ተሳስቶ ከጠገነው ደግሞ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደ ተባለው፣ ነገሩ የመጠን ነገር ነው። በሰው ላይ ያለው የጨረር ጉዳት የሚለካው ሲቨርት በሚባል መስፈሪያ ነው። አንድ ሰው ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚቀበለው በዓለም አማካይ ሒሳብ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። አንድ ጊዜ የደረት ራጅ መነሣት ግን ከ0.1 ሚሊሲቨርት ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ራጅን ያለ ምክንያት መፍራትም፣ ያለ ምክንያት ደጋግሞ መነሣትም ሁለቱም የማወቅ ምልክት አይደሉም።

፫. የሚገድለውን ለመፈወስ

ጨረር ሕዋስን የሚገድል ከሆነ የካንሰርን ሕዋስ ይገድላል። ሐኪሞች ይህን የተረዱት ገና ከመጀመሪያው ነው። ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ጠልቆ ወዳለ ካንሰር የሚደርስ ብርቱ ጨረር በቀላሉ የተገኘው በ1951 ነው። በዚያ ዓመት በካናዳ በአቶም ምድጃ ውስጥ በተሠራ ኮባልት 60 በሚባል ነገር ሕመምተኞች መታከም ጀመሩ። በ1971 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ መረመረ። ይህ መሣሪያ ራጁን በሰውዬው ዙሪያ እያዞረ ካነሣ በኋላ በኮምፒውተር ሒሳብ የአካልን ውስጥ እንደ ተቈራረሰ ዳቦ ንጣፍ በንጣፍ ያሳያል።

ኮባልት 60 አንድ ጠባይ አለው። በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መሣሪያው አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ የሚፈጀው ሕክምና፣ ከ5 ዓመት በኋላ ወደ 4 ደቂቃ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ወደ 8 ደቂቃ ይፈጃል። ኮባልቱ በጊዜው ካልተለወጠ በዕለቱ የሚታከመው ሰው ቍጥር ያንሳል፤ ወረፋውም ይረዝማል። በአገራችን የጨረር ሕክምና በ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሙሉ ከዚያ በቀር ሌላ ስፍራ አልነበረም። ከጋምቤላም ከሐረርም የሚመጣው ሕመምተኛ ተራ የሚጠብቀው እዚያው ነበር። ካንሰር ግን ተራ አይጠብቅም። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አዳዲስ መሣሪያዎች መጨመራቸው የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ ብቻውን ሕመምተኛ አያድንም። መጠኑን ቀምሮ የሚሰጥ የፊዚክስ ባለሙያ፣ ሲበላሽም የሚጠግን መሐንዲስ ያስፈልጋል።

በዚህ መስክ የሚደረገው ምርምር ዛሬም አልቆመም። በ2014 በፈረንሳይ አገር መርማሪዎች ለአይጦች የሚሰጠውን ጨረር በደቂቃዎች ፈንታ ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢሰጡት ካንሰሩ እንደ ቀድሞው ሲጎዳ ጤነኛው ሥጋ ግን ያነሰ እንደሚጎዳ አስተዋሉ። በ2018 በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ አንድ ሰው በዚህ ዓይነት ታከመ። ምክንያቱ ገና በሚገባ አልታወቀም፤ ምርምሩም ቀጥሏል።

፬. ዝንብን በዝንብ

በ1927 አሜሪካዊው ሄርማን ሙለር ዝንቦችን በኤክስሬይ ቢመታ በልጆቻቸው ላይ አዲስ ጠባይ እንደሚወጣ፣ ብዙ ከመታቸው ደግሞ መካን እንደሚሆኑ አሳየ። ይህን የተረዳው ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የሚባል የነፍሳት ሊቅ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። በከብት ቁስል ላይ እንቍላሏን ጥላ ትሏ ሕያው ሥጋ የሚበላው ክፉ ዝንብ፣ ሴቷ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ከወንድ ጋር የምትገናኝ ከሆነች፣ ያ ወንድ መካን ቢሆን ምን ይሆናል? መልሱ ዘር አይኖራትም ነው። ስለዚህ ወንዶቹን በብዛት አርብቶ፣ በማይገድል ነገር ግን በሚያመክን መጠን በጨረር መትቶ መልቀቅ ነው። በ1954 ይህ አሳብ ኩራሳው በምትባል ደሴት ተፈትኖ ዝንቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ይኸው ዝንብ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሊቢያ በገባ ጊዜ በሜክሲኮ የተመረቱ መካን ዝንቦች በአውሮፕላን መጥተው ተለቀቁ፤ አፍሪካም ከዚያ ጥፋት ዳነች። ከ2023 ወዲህ ግን ይህ ዝንብ በመካከለኛው አሜሪካና በሜክሲኮ እንደ ገና ተስፋፍቷል። ጠላት ተሸነፈ ብሎ ጥበቃን መተው እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን።

ይህ ነገር የእኛንም አገር ገበሬ የሚመለከት ነው። ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ የሚተላለፈው ጸጸ በሚባለው የቆላ ዝንብ ነው። ዝንቡ ባለበት ሸለቆ መሬቱ ለም ቢሆንም በሬ አይበረክትም፤ በሬ የሌለውም ገበሬ የሚያርስበት የለውም። በታንዛኒያ በዛንዚባር፣ በኡንጉጃ ደሴት፣ ይህ ዝንብ በመካን ወንዶች ዘዴ ጠፍቶ በ1997 ደሴቲቱ ነፃ መሆንዋ ተገለጠ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ። የዝንብ ማርቢያውም በአዲስ አበባ በቃሊቲ ተቋቋመ። ደሴት በባሕር የተከበበ ስለ ሆነ ዝንብ እንደ ገና አይገባበትም፤ ሸለቆ ግን ከሌላ ሸለቆ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የእኛ ሥራ ከዛንዚባር ይልቅ ረጅምና አድካሚ ሆኗል። በዚያ የሚደክሙት ባለሙያዎቻችን ምስጋና ይገባቸዋል።

፭. በድንጋይ ውስጥ ያለ ሰዓት

ጨረር የሚያወጣ ነገር ሁሉ በራሱ ልክ እየቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ እንደ ሰዓት ያገለግላል። ፖታስየም በብዙ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል፤ ከእርሱም ጥቂቱ ፖታስየም 40 የሚባለው ነው። ይህ ግማሹ ወደ ሌላ ነገር ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ከሚለወጠውም አንዱ ክፍል አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ድንጋዩ ስለሚቀልጥ የቀድሞው አርጎን ይወጣል። ዐመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ አዲስ አርጎን በውስጡ መጠራቀም ይጀምራል። እንግዲህ የተጠራቀመውን አርጎን የለካ ሰው እሳተ ገሞራው የፈነዳበትን ዘመን ያውቃል። ዛሬ የሚሠራበት የተሻሻለው ዘዴ ናሙናውን አስቀድሞ በአቶም ምድጃ ውስጥ በኒውትሮን መምታትን ይጠይቃል።

በኖቬምበር 1974 በአፋር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው የምንለው በዚህ ዘዴ ነው። የተለካው አጥንትዋ አይደለም፤ አጥንትዋ በተገኘበት ስፍራ ያለው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው። በ1967 በኦሞ ወንዝ አጠገብ በኪቢሽ የተገኘው የሰው አጥንት ደግሞ መጀመሪያ የ130 ሺህ ዓመት ነው ተብሎ ነበር። በ2005 ወደ 195 ሺህ ከፍ አለ። በ2022 መርማሪዎች ከአጥንቱ በላይ ያለውን ዐመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር አስተያይተው ዕድሜው ከ230 ሺህ ዓመት በላይ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ቍጥሩ ሁለት ጊዜ መለወጡን አይቶ ሳይንስ ይዋሻል የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሳይንስ የተሻለ መለኪያ ባገኘ ጊዜ የቀድሞውን ቃሉን ያርማል፤ ክብሩም ይኸው ነው።

፮. ከሰማይ የሚመጣ ጨረር

በ1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ የጨረር መለኪያ ይዞ በፊኛ ከ5 ሺህ ሜትር በላይ ወጣ። ጨረር ከምድር ብቻ የሚመጣ ቢሆን ከፍ ባለ ቍጥር መቀነስ ነበረበት። ሄስ ግን ሲጨምር አገኘው። ከሰማይ የሚወርድ ጨረር አለ ማለት ነው። እኛ የደጋ ሰዎች፣ አየሩ በላያችን ሳሳ ያለ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ጨረር በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩት ጥቂት ይበልጥ እንቀበላለን፤ ይህም የሚያስፈራ አይደለም።

ይህ ጨረር ዛሬ ለምርምር ያገለግላል። በ2017 በግብፅ መርማሪዎች በኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ዘልቆ የሚያልፈውን የሰማይ ጨረር ለክተው፣ አንድም ድንጋይ ሳይነቅሉ፣ ርዝመቱ 30 ሜትር የሚሆን ባዶ ስፍራ በውስጡ እንዳለ አስታወቁ። ሮንትገን በባለቤቱ እጅ ላይ ያደረገውን እነርሱ በፒራሚድ ላይ አደረጉት ማለት ይቻላል። በ2013 ደግሞ ወደ ማርስ የተላከ መሣሪያ በመንገድ ላይ የለካው ጨረር ታወቀ፤ በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት ገደማ ነበር። ከላይ የጠቀስነውን የአንድ ዓመት ልክ፣ 2.4ን፣ ያስታወሰ አንባቢ ወደ ማርስ የሚሄድ ሰው ችግሩ ምን ያህል እንደ ሆነ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

፯. ወደ ዐድዋ መመለስ

የሰማይ ጨረር በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ሲመታ ካርቦን 14 የሚባል ነገር ይፈጠራል። ተክል ከአየር ይወስደዋል፤ እንስሳም ተክሉን ሲበላ ያገኘዋል። በሞቱ ጊዜ መቀበላቸው ይቆማል፤ በውስጣቸው ያለውም በየ5,730 ዓመት በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢ በ1949 ይህን ለክቶ የጥንት እንጨት ዕድሜ ማወቅ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1960ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከዐድዋ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የአባ ገሪማ ገዳም አለ። በገዳሙ በግዕዝ የተጻፉ፣ በሥዕል ያጌጡ ጥንታውያን ወንጌሎች ይጠበቃሉ። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን እንደ ጻፉ፣ እስኪፈጽሙም ፀሐይ እንደ ቆመችላቸው በገዳሙ ይተረካል። የውጭ አገር ሊቃውንት ግን የጽሕፈቱንና የሥዕሉን ዓይነት አይተው መጻሕፍቱ ከ1100 ዓመት ገደማ የማይቀድሙ ይመስላቸው ነበር። ከብራናው የተወሰደ ቍራጭ በኦክስፎርድ በካርቦን 14 በተለካ ጊዜ ግን የአንደኛው ብራና ከ390 እስከ 570፣ የሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ዘመን ውስጥ እንደ ሆነ ተገኘ። እርግጥ የሚለካው እንስሳው የሞተበት ዘመን ነው እንጂ ጸሐፊው ብዕሩን ያነሣበት ቀን አይደለም። ቢሆንም መነኮሳቱ ሲናገሩ የኖሩት ጥንታዊነት በጨረር ሰዓት ተደግፏል።

እንግዲህ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ቤክሬል ሰሌዳውን ሲያጥብ፣ በዚያ ገዳም ያሉት ብራናዎች ከጦሩ ሜዳ አጠገብ ሆነው ካርቦናቸውን በዝግታ እየቀነሱ ነበር። የሚያነብባቸው ዕውቀት ግን በዚያው ቀን በሌላ አገር መወለዱ ነበር።

ድንቅነሽ የእኛ ነች፤ የኦሞው ሰውም፣ የአባ ገሪማ ወንጌልም የእኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን የነገሩን መለኪያዎች ግን ከአገራችን ውጭ የሚገኙ ናቸው። ይህን የምንጽፈው ለማማረር አይደለም፤ የለኩልንን እናመሰግናለን። ኢትዮጵያ በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ነበረች፤ በ1993ም ሕዝቡን ከጨረር ጉዳት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በአዋጅ አቋቁማለች። በሩ ለእኛ አልተዘጋም። የጎደለው የሰለጠነ ሰው ነው፤ የሰለጠነ ሰው ደግሞ ከሌላ ስፍራ አይመጣም፤ ዛሬ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ከከበደን ከእኛው መካከል ነው የሚነሣው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ጥያቄ ይዘን ብንወጣ ይበቃናል እንላለን። እርስዋም «መጠኑ ስንት ነው?» የምትል ናት። ማሪ ኩሪ ይህን ለመጠየቅ መለኪያ አልነበራትም። የሰዓት ቀቢዎቹ ሴቶች በገዛ ቃላቸው ጠይቀው ሐሰት ተመለሰላቸው። እኛ ግን መለኪያውም አለን፤ እውነቱም ተጽፎልናል። እሳት በምድጃ ውስጥ እንጀራ ይጋግራል፤ ከምድጃ ሲወጣ ቤት ያቃጥላል። ምድጃውን የሠራ ሰው ነው፤ የሚጠብቀውም ሰው ነው። ከእኛም አንዳንዱ ነገ በሐኪም ቤት ሲሠራ፣ በፋብሪካ አለቃ ሲሆን፣ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሾም፣ አንድ ሠራተኛ ቀርቦ «ይህ ነገር አይጎዳኝም ወይ?» ብሎ የጠየቀው እንደ ሆነ ለክቶ እውነቱን የሚመልስለት ሰው ይሁን። ይህ የሆነ እንደ ሆነ በሐምቡርግ ሐውልት ላይ ስማቸው የተቀረጸውም፣ ስማቸው ያልተጻፈውም በከንቱ አልሞቱም ማለት ነው።